የጻፍነው ሲፈለግ ይገኛል?



በቅርብ የምናውቃቸው አንድ አባት ነበሩ። መርካቶ ሲነግዱ በዱቤ የሰጡትንም የወሰዱትንም ከኪሳቸው በማትለይ ደብተር ይጽፉ ነበር። ስልክ ሲይዙ ደብተሯ ቀረች። ደረሰኙ በፎቶ፣ የገንዘቡ ልክ በድምፅ መልእክት፣ ቀሪው በቴሌግራም ተቀመጠ። እኒህ አባት ወደ አኼራ ሲሄዱ ልጆቻቸው ስልኩን ከፈቱት፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ፎቶና መልእክት መካከል የትኛው ዕዳ እንደተከፈለ፣ የትኛው እንደቀረ መለየት አቃታቸው። ሴት ልጃቸው «አባባ ጽፈውታል፤ ግን የት?» እያለች ስታለቅስ አይተናል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የሟች ንብረት ለወራሾች የሚከፋፈለው ወሲያውና ዕዳው ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን ሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡11-12) ይደነግጋል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱ አል-በቀራህ 282ኛው አንቀጽም በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል። የሚጻፈው በተፈለገ ጊዜ ማስረጃ እንዲሆን ነው። ታዲያ ተጽፎ የማይገኝ ነገር ካልተጻፈ በምን ይሻላል?

ከዑለማእ የምንማረው

በ241 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አሕመድ ቢን ሐንበል ሙስነዳቸውን ያደራጁት በሶሓባዎች ስም ነው። የሐዲሡን አስተላላፊ የሚያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ይፈልገዋል። በ256 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል-ቡኻሪ ደግሞ ሶሒሓቸውን ሶላት፣ ዘካ፣ ፆም፣ ንግድ እያሉ በርእስ ከፈሉት። አስተላላፊውን የማያውቅ ሰውም ጥያቄውን ይዞ ምዕራፉን ይከፍታል። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ አደረጃጀታቸው ግን የተለያየ ፈላጊን ያገለግላል።

ስልካችን የመጣለትን ሁሉ የሚያስቀምጠው በላኪው ስምና በመጣበት ቀን ነው። እኛ ግን የምንፈልገው በጉዳዩ ነው። «የልጁ የክትባት ካርድ የት አለ?» እንላለን እንጂ «ሐምሌ 12 ቀን ማን ምን ላከ?» አንልም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥቂት ርእሶችን እንምረጥ። ዕዳና አማና፣ ሰነድ፣ ጤና፣ ደርስ፣ የቤተሰብ ትዝታ፤ ለአንድ ቤት እነዚህ አምስቱ ይበቃሉ። ርእስ ሲበዛ የት እንዳስቀመጥን እንረሳለን።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ስም እንስጠው። ስልኩ ለፎቶው የሰጠውን ቁጥር ትተን «ዕዳ፣ የሱቅ ኪራይ፣ መስከረም 2017» ብለን እንጻፍበት። በቴሌግራም የምናስቀምጠው ከሆነ ከሥሩ #ዕዳ ብንጽፍ፣ በኋላ ያንን ቃል ስንነካው በዚያ ስም ያስቀመጥነው ሁሉ በአንድነት ይወጣል። የአያታችን መንዙማ ወይም ዱዓ የተቀዳበት ድምፅም ማን፣ የትና መቼ እንደተቀዳ ካልተጻፈበት ለልጅ ልጅ ባዳ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ ማታ፣ ሩብ ሰዓት እንመድብ። የሚጠቅመውን ወደ ቦታው፣ የማይጠቅመውን ወደ መጣያው! ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ከእናትና ከአባታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ብትሠሩት ትልቅ ኺድማ ነው።

አራተኛ፣ በስልክ ብቻ አንተማመን። ቴሌግራም ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ካልከፈተው አካውንቱን ከነመልእክቱ ይሰርዛል። ጉግልም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ለ2 ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ ዕዳና ወሲያ በወረቀትም ይጻፉ፤ ወረቀቱ ያለበትን ቦታ አንድ የሚታመን ሰው ይወቅ።

በእኒያ አባት ለቅሶ ላይ «ገንዘብ ያለው ይምጣ» ተብሎ ተነገረ። የመጡት ሁሉ ተከፈሉ። አፍሮ ወይም ሳይሰማ የቀረ ይኑር አይኑር ግን ልጆቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። እኛስ? ሌላው ይቆየንና ዛሬ ማታ ዕዳና አማናችንን ብቻ ለይተን በአንድ ቦታ ብናሰፍር ለቤተሰባችን ትልቅ ሸክም አቀለልንለት ማለት ነው።

አላህ የሰው ሐቅ ከማስቀረት ይጠብቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም።