ሻጋታን የሚበላ ሻጋታ

በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ፥ ሰላጣና ሽንኩርት ይተከላል። ገበሬው ማለዳ ተነሥቶ ያጠጣል፤ ያርማል፤ ይኮተኩታል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ቅጠሉ ያለ ጊዜው ይገረጣል፤ ቢነቅሉትም ሥሩ በስብሶ ይገኛል። ይህን ከሚያደርጉት አንዱ በመሬት ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ነው።

እጅግ ከሚከፉት አንዱ የነጭ ሽንኩርት ነጭ ሻጋታ ነው። እርሱ ከጎመን ዘር ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች በአፈር ውስጥ ይጥላል፤ እነዚህም 20 ዓመት ያህል ተደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ አባት ያጣውን ምርት ልጁም በዚያው ማሳ ሊያጣው ይችላል። ፍሬዎቹም በማረሻና በጫማ ጭቃ፥ በመስኖም ውሃ ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ።

ልጆች ሆይ፥ ሻጋታ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። ትሪኮደርማ የሚባል አረንጓዴ ሻጋታ አለ፤ ስሙ ከባድ ነውና ደጋግማችሁ አንብቡት። ዋይንድሊንግ የተባለ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ስለዚህ ሻጋታ ጻፈ፤ ሐረግ በዛፍ ላይ እንደሚጠመጠም በክፉው ሻጋታ ክር ላይ ይጠመጠማል፤ የክሩንም ቅርፊት አሟሙቶ ይመገበዋል። በአገራችንም ከቡና ሥር አፈር ውስጥ ብዙ ዓይነቱ ተገኝቷል።

ገበሬው በእህል ላይ የተራባውን ትሪኮደርማ ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅሎ፥ ሳይተክል አስቀድሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ይጨምረዋል። የበሰበሰውን ሥር አያድንም፤ ገና ጤነኛ የሆነውን ይጠብቃል እንጂ። የሻጋታ መድኃኒት በተረጨበት ማሳ ግን ጠባቂው ራሱ ሊሞት ይችላል።