የደም ስኳርና ሆርሞኖች፤ በገላፊ መንገድ

ሰው እጅግ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ስለዚህ የውስጥ ብልት ከዚህ አባባል ሌላ የምናነሣው ጥቂት ነው። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የተጋደመ ሲሆን ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል፤ በውስጡም እንደ ደሴት የተበታተኑ ጥቃቅን የሕዋሳት ስብስቦች አሉ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1869 ጀርመናዊው ላንገርሃንስ አያቸው፤ ሥራቸው የደምን ስኳር መቈጣጠር እንደ ሆነ ግን አላወቀም ነበር።

ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ገላፊ ኬላ የደረሰ አንድ ሾፌር እንውሰድ። ጤናማ ሰው ነው እንበል። በደሙ ያለው ስኳር በጠቅላላው አምስት ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ሻዩ ውስጥ የጨመረው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከዚያ ይበልጣል። ሻዩን ጠጥቶ ስኳሩ ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያፈስሳል። በዚህም ትእዛዝ ጡንቻና ስብ ስኳሩን ይቀበላሉ፤ ጉበትም ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቸዋል። ረመዳን ሆኖ ቢጾም ደግሞ ያው ቆሽት ግሉካጎን ይልካል፤ ጉበትም ጎተራውን ከፍቶ ስኳር ይሰፍራል። አንድ ቀን ያህል ሳይበላ ከቈየ ጎተራው ይራቈታል፤ ያን ጊዜ ጉበት ከጡንቻ ፕሮቲን ጭምር ስኳር ይሠራል፤ አንጎል ያለ ስኳር አይሆንለትምና። ሾፌሩ በወረፋ ተጣልቶ ቢቈጣስ? አድሬናሊን ጉበቱን ስኳር ያስለቅቀዋል፤ ቆሽቱንም ኢንሱሊን እንዳያፈስስ ይከለክለዋል። አባባላችን ከእውነት ብዙም አልራቀም።

አሁን ሾፌሩ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማፍለቅ ያቆመበት ሕመምተኛ ይሁን። ግሉካጎንን የሚገታው ስለሌለ ጉበት ያለማቋረጥ ስኳር ያፈስሳል፤ ሕዋሳቱ ግን በስኳር መካከል ይራባሉ። ስቡ እየቀለጠ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ሰውየውም ካልታከመ ይሞታል። ባንቲንግና ቤስት በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት እስኪያወጡ ድረስ መድኃኒት አልነበረውም፤ በጥር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ።

ኢንሱሊን ከ51 አሚኖ አሲዶች የተገጣጠመ ፕሮቲን ነው። ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ ስለዚህ በመርፌ ይሰጣል። ሙቀትም ያበላሸዋል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተውም ከ30 ዲግሪ በላይ ሊሆንበት አይገባም። በገላፊ የበጋ ሙቀት ግን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥማ ይብሳል። ክፉው ነገር የተበላሸው ብልቃጥ አንዳንድ ጊዜ ከደኅናው አለመለየቱ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይወስዳልና። የአፋር የፍየል ቆዳ ስልቻም ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው።

ተቃራኒው አደጋም አለ። ሙቀት የቆዳን ደም ስለሚያበዛ የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ይሰርጽና ስኳሩ ሊያሽቈለቍል ይችላል። አድሬናሊን ያን ጊዜ በላብ፤ በመንቀጥቀጥና በልብ ትርታ ያስጠነቅቃል። ገላፊ ላይ ግን የማያልበው ሰው የለም። ስለዚህ ሾፌሩ ላቡን ሳይሆን መሪ የያዘው እጁን ይመልከት፤ ከተንቀጠቀጠ መኪናውን ዳር አቁሞ ቴምር ወይም ስኳር ይቅመስ።