የጫካ ቡናና የማሳ ምዝገባ

በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሚገኘው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ቡና የሚበቅለው በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የአካባቢው ነባር ሥርዓት መሬቱ እንዳይታረስ በመከልከሉ ደኑ ተጠብቆ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ደን መጠበቅ ብቻውን ለውጭ ገበያ ማስረጃ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የተመረተ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የተመረተበት ማሳ መገኛም በኬክሮስና በኬንትሮስ መገለጽ ይኖርበታል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ በቂ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ዙሪያው በሙሉ ይመዘገባል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ቡና የሚመረተው በአነስተኛ አርሶ አደሮች ነው። ከበርካታ ማሳዎች የተለቀመ እሸት ቡናም በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ይቀላቀላል። በመሆኑም የአንዱ ማሳ መረጃ ሲጓደል የሌሎቹም ቡና ተቀባይነት ያጣል።

የደንቡ ተፈጻሚነት ሁለት ጊዜ መራዘሙ የዝግጅት ጊዜ ሰጥቷል። አንድም ዛፍ ያልቆረጠ አርሶ አደር ማሳው ባለመመዝገቡ ብቻ ከገበያ እንዳይወጣ፣ በየደረጃው የሚገኙ የግብርናና የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ምዝገባውን ከለቀማው ወቅት አስቀድመው ማጠናቀቅ ይጠበቅባቸዋል።