አሳሪውን የሚያስረው ሕግ፦ ፖሊስ በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ውስጥ



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ፖሊስ ሰውን ይዞ የማሰር ሥልጣን ሲሰጠው፣ ፖሊስን ራሱን የሚይዘው ማን ነው? ፖሊስ የሌለው መንግሥት የለም። አምባገነኑም ዴሞክራሲያዊውም መንግሥት ይይዛል፣ ይፈትሻል፣ ይመረምራል። ልዩነቱ ያለው ኃይል በመጠቀምና ባለመጠቀም ላይ ሳይሆን፣ ኃይሉን የተጠቀመው አካል ለማን መልስ ይሰጣል በሚለው ላይ ነው።

ነገሩን ከራሳችን የፍትሕ ታሪክ እንጀምር። ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ከመደራጀቱ በፊት ሲሠራባቸው ከነበሩት ልማዶች ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ስፍራ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። ሁለተኛው ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር።

በአፈርሳታ ንጹሑ ሰው ነጻነቱን የሚያጣው ስለ ጥፋተኛው መረጃ እንዲገኝ ነው፤ ማሰር ከማጣራት ይቀድማል። በቁራኛ ግን የሌላውን ነጻነት የያዘ ሰው የራሱም ነጻነት አብሮ ይያዛል፤ ተከሳሹ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ከሳሹም ዕረፍት የለውም። ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። ባለዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት ተቆራኝተው የሚሰነብቱበት ጊዜ እንደ ነበረ እናውቃለን። ሆኖም ከቁራኛ የምናገኘው መርሕ፣ ማለትም አሳሪውም የታሰረ መሆን አለበት የሚለው፣ የዴሞክራሲያዊ ፖሊስ መርሕ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ይህንኑ ቋጠሮ በዘመናዊ ቋንቋ ያሥረዋል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው ሊያውቅ፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይገባዋል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ብዙዎቻችን 48ቱን ሰዓት ፖሊስ ሰውን ይዞ ማቆየት የሚችልበት ፈቃድ አድርገን እንረዳዋለን። ሰዓቱ የሚቆጥረው ግን በተያዘው ላይ ሳይሆን በያዘው ላይ ነው። ገደቡ ካለፈ፣ ታሳሪው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን የመጠየቅ መብት አለው።

ቋጠሮው የሚላላው ከዚያ በኋላ ነው። ለዐሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59፣ መርማሪው ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አንቀጹ ወሰን አላበጀለትም። ስለዚህ የታሳሪው ነጻነት በአብዛኛው የሚንጠለጠለው ዳኛው በሚያነሣቸው ጥያቄዎች ላይ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ? የቀረው ሥራ ምንድን ነው? ቀሪውን ለመሥራት የሰውዬው መታሰር ለምን ያስፈልጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተነሡ «ምርመራዬን አልጨረስሁም» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ያን ጊዜ አፈርሳታ ችሎት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። «አጣርቶ ማሰር እንጂ አስሮ ማጣራት አይገባም» የሚለው አባባልም ከመፈክርነት አያልፍም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ፖሊስን ይህን ያህል ማሰር ወንጀለኛን መፍታት አይሆንምን? መልሱ ፖሊስ መረጃ ከየት ያገኛል ከሚለው ይጀምራል። አብዛኛው ወንጀል የሚታወቀው ተበዳይ ሲያመለክትና ምስክር ሲናገር ነው። ጣቢያውን የሚፈራ ምስክር አይናገርም፤ ምስክር የሌለው መርማሪ ደግሞ ወደ ማስገደድ ያዘነብላል፤ ማስገደዱም ፍርሃቱን ያበዛዋል።

ይህን አዙሪት ለመስበር ከተደረጉት ሙከራዎች የሰሜን አየርላንዱ ይጠቀሳል። በዚያ ከነዋሪው 40 በመቶ ያህሉ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ በፖሊሱ ውስጥ የካቶሊኮች ድርሻ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ በክሪስ ፓተን የተመራው ኮሚሽን በ1999 175 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። በ2001 ተቋሙ ስሙንና ዓርማውን ለወጠ፤ ለዐሥር ዓመታትም ከምልምሎቹ ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን ተደርጎ ድርሻቸው ወደ 30 በመቶ ደረሰ። ፖለቲከኞችና ሌሎች ዜጎች የሚቀመጡበት ቦርድ የፖሊስ አዛዡን ይጠይቃል፤ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ደግሞ ከፖሊስ ውጭ ያለ የእንባ ጠባቂ ተቋም ይመረምራል። አለመተማመኑ ፈጽሞ ጠፍቷል አልልም። ነገር ግን የተበደለ ሰው አቤቱታውን ለበደለው ተቋም ብቻ ከማቅረብ ድኗል።

ከእናንተ መካከል ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ ወይም የፖሊስ መኮንን የምትሆኑ አላችሁ። አንድ ቀን የጊዜ ቀጠሮ ማመልከቻ በፊታችሁ ይቀርባል፤ ስድስት ወይም ሰባት መስመር ይሆናል። ከዚያ ወረቀት ኋላ ያለውን ሰው ነጻነት የሚወስነው፣ ፈርማችሁ ከማለፋችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ነው።

ወደ ውይይቱ እንለፍ።