ከእንጦጦ ግርጌ ደም ግፊትን መከላከል

ሥር የሰደዱ በሽታዎች የሚባሉት ቀስ ብለው ጀምረው ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ የሚቆዩ ሕመሞች ሲሆኑ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብና የሳንባ ሕመሞች ከእነዚህ ይመደባሉ። በ2007 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ከዐዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ ደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ደም ግፊት ምንም ሳይሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ስለሚጎዳ፣ ሕመምተኛው ራሱ ጤና ጣቢያ እስኪመጣ መጠበቅ አይበጅም።

በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ወደ ከተማ ሲገባ ቤት ለቤት የሚዞሩት በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዲሆኑ የተደረገ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘውን የካን የመሰለ ክፍለ ከተማ ግን አንድ ዓይነት ምክር አይበቃውም። መገናኛ አካባቢ ቀኑን ቢሮ ተቀምጦ በታክሲ ለሚመለስ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ተገቢ ምክር ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው የባሕር ዛፍ ደን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ለሚወርዱ ሴቶች ይህንኑ መንገር ግን ከቀልድ አይለይም፤ የእነርሱን ሳንባ የሚጎዳው በጠባብ ማድ ቤት እንጀራ ሲጋገር የሚታፈነው ጭስ ስለሆነ፣ ከእንቅስቃሴ ይልቅ ጭስ ማውጫና የተሻሻለ ምድጃ ይጠቅማቸዋል።

ሁለቱንም ወገኖች የሚያገናኛቸው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ሲል፣ በ2007ቱ ጥናት የተገመተው ፍጆታ 8 ግራም አካባቢ ነበር። ብዙ ቤት በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራም እንደገና ይጨመራል፤ ስለዚህ ቁጠባው ከገበታ ላይ ሳይሆን ባልትናው ሲሰናዳ ቢጀምር ይሻላል፣ ይህንንም ከማስታወቂያ ይልቅ የእድር ሴቶች እርስ በርስ ቢነጋገሩበት የበለጠ ይሰማል።

በቤት ዝግጅት የማይፈታውን፣ እንደ ሲጋራና አልኮል ያለውን ችግር፣ ሕግ ይይዛል፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስንና በሬዲዮና በቴሌቪዥን አልኮልን ማስተዋወቅን ከልክሏል።

ግፊቱ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ክኒን ሲጀምር፣ የሚሰማው ሕመም ስለሌለ ጥቂት ሰንብቶ ለማቆም ይፈተናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከወራት በኋላ ዳግም በሩን አንኳኩታ የምትለካው ግፊት ከመጀመሪያው ልኬት የሚበልጥ ዋጋ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው።