«ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር!»

የእናታችሁ ፎቶ አላችሁ? የሠርግ፣ የምርቃት ወይም ለመታወቂያ የተነሳችው ጉርድ አላልኩም። እቤት፣ ጀበናውን ስትጥድ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሸርተት ብሎ፣ ማንም የማያያት መስሏት ሳለ የተነሳችው ማለቴ ነው። ከሌላችሁ የዛሬው ባለታሪኬ ጉዳይ እናንተንም ይመለከታል።

ባለታሪኬን ያገኘሁት ጅማ ነው። የጊቤን በረሃ አቋርጬ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንገላትቼ የሄድኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ለጓደኛዬ እህት ሠርግ። እዚያ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ቀልቤን ሳበው። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ከቦ ሲረባረብ እሱ ጓሮ ሄዶ ትልቅ ድስት ሥር እሳት የምታነድ ሴት ያነጋግራል። ሴትየዋ ሳቀች፤ በእጇም እምቢ አለችው። ካሜራውን አውርዶ ምስጋናውን አቅርቦ ሄደ። ሳያነሳት!

«ለምን ተውካት? ሳታይህ አታነሳትም ነበር?» አልኩት።

«ነገ ፎቶ ቤት ነይና ቡና እየጠጣን ላጫውትሽ» አለኝ።

ሄድኩ። መጀመሪያ አንቱ ብዬው «ምን አረጀሁና!» ብሎ ተቆጣኝ፤ ዕድሜው አርባን ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ግን ቃል አስገብቶኛል።

ሙያውን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. በአንድ ፎቶ ቤት በተላላኪነት ነው። ያኔ እንደ ዛሬው በሞባይል መቶ ጊዜ አንስቶ ዘጠና ዘጠኙን ማጥፋት የለም። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ አለቀ አለቀ። ስለዚህ ደንበኛ ሲቀመጥ ትእዛዙ አንድ ነው። አገጭ ቀና! ዓይን እንዳይጨፈን! እንዳትንቀሳቀስ! ከጀርባ ሐይቅና አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ ኮትና ክራባት ተሰቅሏል፣ የሌለው እንዲዋስ። ቡናውን ሸጦ ከገጠር የመጣ ገበሬ ያንን ኮት ይደርብና ከወገብ በላይ ባለሥልጣን መስሎ ይነሳል፤ ከታች ግን ባዶ እግሩን ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሰው ማድረቅ ነበር» አለኝ እየሳቀ፣ «እንደ ጀንፈል!» (ለማታውቁ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ጀንፈል ማለት ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና ነው።)

ስለ እናቱ ሲያወራ ግን ሳቁ ጠፋ። ቡና ለቃሚ ነበረች። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ከደህናው ስትለይ ትውላለች። ማታ ደግሞ ያቺኑ ቡና ለጎረቤት ታፈላለች። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ የጅማ ባለሙያዎች የሚታወቁባት ዓይነት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረቻት። እሷን በእግሯ ሳብ ታደርግና ትቀመጣለች። ጭሱ ሲመጣባት አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ጀበናውን ከፍ አድርጋ ስትቀዳ አንዲት ጠብታ ረከቦቱ ላይ አትወድቅም። «ሰው ያልተማረው ጨዋነት ነበራት» ይላል፤ «አሁን ሳስበው ነው እንጂ ያኔ መች አየሁት! ያኔ እኔ የማየው ደንበኛ ነው።»

አንዳንዴ ግን «እማዬ ላንሳሽ» ይላታል።

«ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር» ትለዋለች።

እሱ ይቸኩላል። «በቃ ሌላ ጊዜ» ይላታል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ፀጉሯ አልተሠራም፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እሱ ሠርግ አለበት። እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ ዓመቱ ነጎደ።

በ2011 ዓ.ም. አረፈች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ ተፈለገ፤ የፎቶ አንሺ ቤት ነውና ማንም አልተጨነቀም። አልበሙ ተገለበጠ፣ ካርቶኑ ተራገፈ። የተገኘው ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችው አንድ ጉርድ ብቻ ነበር። ዓይኗ ፈጧል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል፣ ትከሻዋ ግትር ብሏል። ያነሳትም ራሱ ነው።

«አትንቀሳቀሺ ብያት ነበር» አለኝ። «አልተንቀሳቀሰችም።»

ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

መቼም የአገራችን የፎቶ ታሪክ በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አነሳቸው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴን እነ ሽመልስ ደስታ አነሷቸው። ጌቶቹ ምን እንደሚመስሉ እናውቃለን። ቡናቸውን ያፈላችውስ ሴት? ደግነቱ ይሄን ነገር ያሰቡበት ወጣቶች አሉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የወጣው መጽሐፍ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ የተራ ሰዎችን የድሮ ፎቶዎች የያዘ ነው። ባለታሪኬ መጽሐፉን አይቶታል። «የጅማን ማን ይሰብስብ?» አለኝ።

ከእናቱ ለቅሶ በኋላ የቡና ለቀማ በደረሰ ቁጥር፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ፎቶ ቤቱን ለረዳቱ እየተወ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ አጋሮ መውጣት ጀመረ። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቀዩን ቡና የሚለቅሙትን ያነሳል። መጀመሪያ መጀመሪያ ደብቆ ነበር የሚያነሳው። «ሰው ሲያውቅ ይደርቃል፤ ሳያውቅ ያምራል» ይል ነበር።

ይሄን ያስተወችው ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አጋሮ አቅራቢያ ያገኛት አንዲት እናት ነች። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና በእጇ እያገላበጠች ሳለ ካሜራውን ሲያነሳ ያዘችው።

«በዚህ ልብስ? ሰው ምን ይለኛል?» አለችው በአፋን ኦሮሞ። «ባለፈው አንድ ፈረንጅ እንዲሁ አንስቶኝ ሄደ። ፊቴ የት አገር እንዳለ አላውቅም። ቆይ ልጄ፣ ልብሴን ልቀይር።»

ያቺን ቃል ሲሰማ ጉልበቱ ከዳው። አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቃት። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቀይ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ጉትቻዋን አድርጋ ወጣችና በርጩማ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ልክ እንደ ፎቶ ቤቱ! እሱም አንገትሽን አዘንብይ፣ ሳቂ ምናምን ሳይል እንደፈለገችው አነሳት።

ይሄኔ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ። የተሰጣ ቡና ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ነው። ሴትየዋ በርጩማውን ገልብጣ ሮጠች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ፕላስቲኩን እየጎተተች፣ ሻሹ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ እየሳቀች… እሱ አንድ ጊዜ አነሳ። አንድ ብቻ። ከዚያ ካሜራውን ሸሚዙ ውስጥ ወሽቆ ፕላስቲኩን አብሮ ጎተተ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱንም አሳጥቦ ወሰደላት። የተቀመጠችበትን ወዲያው ግድግዳ ላይ ሰቀለች። የዝናቡን ግን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በጨርቅ ጠቅልላም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ይሄን ዐረብ አገር ያለችው ልጄ ስትመጣ አሳያታለሁ። አንተ ለማንም እንዳታሳይ። ካወራህ አውራ፤ ፎቶው ግን የቤቴ ነው» አለችው።

ለእናንተ የሚሆን ምክር ካለው ብዬ ጠየቅኩት። «የሞባይላቸውን ፍላሽ ያጥፉ» አለኝ፤ «የዕጣን ጭስ ከፊት ፍላሽ ሲመታው አመድ ይመስላል። እናታቸውን በር አጠገብ ያስቀምጧት፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። እጇ ሥራ አይፍታ፤ ትቁላ፣ ትውቀጥ። ልብሴን ልቀይር ካለች ደግሞ ይጠብቋት። ምን ያስቸኩላል? ሌላውን ስትቀዳ ያነሷታል። ከዚያ ያሳትሙት፤ ሞባይል እኮ ይሰረቃል!»

በረካው ደረሰ። እኔም ጋዜጠኛነቴ አላስችል አለኝና «እስቲ የዝናቡን ፎቶ አሳየኝ፣ አልጽፈውም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በሩ ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ጉርድ የሚነሱ ሦስት ተማሪዎች ቆመው ነበር። «ግቡ» አላቸውና ወንበሩን ከመጋረጃው ነጥሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገው።