ቢቢሲን ይቅርታ ያስጠየቀው አቤቱታ

በየካቲት 2002 ዓ.ም. መጨረሻ የቢቢሲ የዓለም አገልግሎት ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያነጋገረ የምርመራ ዘገባ አሰራጨ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ አማፂያን ወደያዙት የትግራይ አካባቢ ከገባው ርዳታ አብዛኛው ለጦርነት ውሏል የሚል ነበር። ተናጋሪዎቹ የአማፂው ድርጅት የሕወሓት የቀድሞ ሰዎች ናቸው። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ አረጋዊ በርሄ ለትግሉ የዋለውን ገንዘብ 95 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አደረሱት። ሌላ የቀድሞ ታጋይ ደግሞ ነጋዴ መስለው ለርዳታ ሠራተኞች እህል መሸጣቸውን፣ ከእህሉ ሥር የተደረደረው ጆንያ ግን አሸዋ እንደነበር ተናገሩ።

ሌሎቹ የቢቢሲ የዜና ክፍሎች ዘገባውን ሲቀባበሉት አንድ ነገር ተጨመረበት። ለትግሉ ዋለ የተባለው ገንዘብ ከምዕራብ መንግሥታትና «ባንድ ኤይድን ጨምሮ» ከበጎ አድራጊዎች የመጣ ነው ተባለ።

ባንድ ኤይድን ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የመሠረቱት የቢቢሲው ማይክል በርክ በጥቅምት 1977 ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበው ሸክላ ከገዙና ኪሳቸው የፈቀደውን ካዋጡ ተራ ሰዎች ነበር። እነዚያን ሰዎች «የሰጣችሁት ጥይት ተገዛበት» ማለት ከባድ ክስ ነው። እንዲህ ያለውን ክስ የሚያነሣ ጣቢያ ማስረጃውን በእጁ ሊይዝ ይገባዋል።

ጌልዶፍ በየመድረኩ በቁጣ ተናግሯል። ጉዳዩን የቋጨው ግን የባንድ ኤይድ አስተዳዳሪዎች ያስገቡት መደበኛ አቤቱታ ነው። የቢቢሲ የአቤቱታ መርማሪ ክፍል ነገሩን ሲያጣራ የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለመሣሪያ ስለመዋሉ ማስረጃ አልተገኘም። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ቢቢሲ ለተፈጠረው አሳሳች ግንዛቤ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በድረ ገጹ ያለ አንዳች ማመካኛ ይቅርታ ጠየቀ። ስምንት ወር ፈጅቷል፤ የመጀመሪያውን ዜና የሰማ ሁሉ እርማቱን ሰምቷል ማለትም አይቻልም።

ልብ መባል ያለበት ቢቢሲ ያላለው ነገር ነው። አማፂያኑ ርዳታ ለጦርነት አውለዋል የሚለውን ዋናውን ዘገባ ስሕተት ነው አላለም። የታረመው በማስረጃ ሊደገፍ ያልቻለው ክፍል ብቻ ነው። አቤቱታ አቅራቢው ሙሉውን ዘገባ ሐሰት ነው ብሎ ቢከራከር ኖሮ ምናልባት ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር።

የአቤት ባዮች ቁጥር መብዛትም በራሱ ፍርድ አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ልዑል ፊሊፕ ሲያርፉ ቢቢሲ መደበኛ ፕሮግራሞቹን አጥፎ ስለእሳቸው ብቻ በመዘገቡ 109,741 ቅሬታዎች ጎረፉለት። ጣቢያው ግን ውሳኔዬ ትክክል ነበር ብሎ ጸና። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2019 አቅራቢዋ ናጋ መንቼቲ ስለ ዶናልድ ትራምፕ በተናገረችው ነገር ላይ የቀረበ አቤቱታ በከፊል ተቀባይነት አግኝቶ ነበር፤ ውሳኔው ሕዝብ ሲያስቆጣ የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ራሳቸው ሻሩት። የአቤቱታ ክፍሉም ይሳሳታል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቅሬታ በቅድሚያ የሚቀርበው ለራሱ ለቢቢሲ ነው፤ ዘገባው በተላለፈ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ። መልሱ ያላረካው ሰው ድጋሚ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ወደ መርማሪው ክፍል ይሄዳል። ከዚያም ቅር ካለው፣ ከሚያዝያ 2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ ኦፍኮም ለተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት ይላል። ኦፍኮም ጥርስ ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ አርቲ የተባለውን የሩሲያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሚዛናዊነት ጎድሎታል ብሎ 200 ሺህ ፓውንድ ቀጥቶታል።

የአማርኛ አድማጭን በቀጥታ የሚነካ ነገር እዚህ ላይ አለ። የኦፍኮም ሥልጣን የቢቢሲን የዓለም አገልግሎት አይጨምርም፤ ቢቢሲ አማርኛ ደግሞ በዓለም አገልግሎት ሥር ነው። ስለዚህ የአማርኛው ዘገባ ቅር ያሰኘው ሰው አቤቱታ የሚያበቃው እዚያው ቢቢሲ ቤት ውስጥ ነው። ራሱ ተከሳሽ ራሱ ዳኛ የሆነበት ይህ አሠራር መታረም አለበት፤ ለንደን ያለው ተመልካች ያገኘውን ይግባኝ አዲስ አበባ ያለው አድማጭ የሚነፈግበት በቂ ምክንያት የለም።

እስከዚያው ግን ባለው በር መጠቀም ይቻላል። «እናንተ ሁልጊዜ ለእነሱ ታደላላችሁ» የሚል ደብዳቤ የትኛውም ጣቢያ በጨዋ ቃል ሸኝቶ ይረሳዋል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ዜና ላይ እንዲህ ተብሏል፤ የተከሰሰው ወገን መልስ አልተጠየቀም፤ ትክክለኛውን የሚያሳየው ሰነድ ይኸውና» የሚለውን ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊመረምረው ይገደዳል። ዘገባ አዳላ ብለው የሚቆጩ አንባቢ ካሉ፣ የተባለውን ቃል በቃል ይጻፉት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይያዙ፤ 30ው የሥራ ቀናት ሳያልፉም ይላኩት።